ለአያ አንበሳ የተላከ ሰላምታ

አንድ አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸው ተሰማ ነው፤ ትንሹም ትልቁም ግን አባባ ተሰማ ይላቸው ነበር።

በሰፈሩ ባልና ሚስት ቢኳረፉ፣ ወንድማማቾች ቢጣሉ፣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ብዙ አይናገሩም። በዳዩ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ከተበዳዩ ፊት ያጎነብሳል። እሳቸው «ስለ እግዚአብሔር ብለህ ማረው» ይላሉ። ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ካለ ድንጋዩ ይወርዳል፤ ካላለ አይወርድም። ድንጋዩ ሲወርድ ጠቡም አብሮ ይወርዳል። ሕጉ ይኸው ነው።

የልጃቸው ልጅ ስንዱ ይህን ሁሉ ከአጠገባቸው ተቀምጣ አይታለች። ገና የመዋዕለ ሕፃናት ተማሪ ናት፤ ፊደሉን ቆጥራ አልጨረሰችም። ድንጋይ እንዴት እንደሚሸከሙት ግን አሳምራ ታውቃለች።

እኚህ አገር የሚያስታርቁ ሰው ታዲያ ከገዛ ጎረቤታቸው ጋር አይነጋገሩም ነበር።

ጎረቤታቸው አቶ ዘውገ ይባላሉ። ሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነው፤ የአቶ ዘውገ የኮክ ዛፍ ደግሞ አጥሩን ተሻግሮ ወደ አባባ ተሰማ ግቢ ያዘነብላል። ድሮ ሁለቱ ሰዎች ሳይተያዩ ውለው አያውቁም። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ አቶ ዘውገ በራቸው ላይ ቆመው የላላ አጥር ሲያስሩ፣ አባባ ተሰማ በአጠገባቸው ሲያልፉ «እንደምን አደርክ ዘውገ» አሏቸው። አቶ ዘውገ ቀና አላሉም። አንዲት ቃል አልመለሱም። አጥራቸውን ማሰር ቀጠሉ።

ይኸው ነው። የመሬት ጠብ አይደለም፤ የከብት ጠብ አይደለም።

«የእግዜርን ሰላምታ ረገጠብኝ» አሉ አባባ ተሰማ። በማግስቱ እሳቸውም ዝም ብለው አለፉ። ዝምታው ክረምት አለፈበት፤ በጋም አለፈበት። ጭራሽ አቶ ዘውገ ሬዲዮናቸውን ሰፈር እስኪሰማው ድረስ ከፍ አድርገው መክፈት ጀመሩ። አባባ ተሰማ ይህንንም ወደ ጠብ አስገቡት። «እኔን ሊያበሽቀኝ ነው» አሉ። ሰፈርተኛው ያያል፤ ይሰማል፤ ነገር ግን አስታራቂውን ማን ደፍሮ ያስታርቀዋል?

ከሁሉም የተጎዳችው ስንዱ ናት። ኮኩ በስሎ በግቢያቸው ሲወድቅ አባባ ተሰማ በከዘራቸው ጫፍ እየገፉ በአጥሩ ሥር ወደ ባለቤቱ ይመልሱታል።

«አባባ፣ አንዱን ብቻ ልብላው?»

«የሰው ነው።»

«የአባባ ዘውገ እኮ ነው። በፊት ራሳቸው ይሰጡኝ ነበር።»

«በፊት ሰላም ነበርን።»

ስንዱ ከዚህ አንድ ትምህርት ተማረች። ሰላምታ ሰጥተው መልስ ከታጣ፣ ሰው ከሰው ይለያያል፤ ኮክም አይበላም።

ኮኩ ቢቀርም ተረቱ ነበራት። ማታ ማታ ራት ከተበላ በኋላ አባባ ተሰማ ስለ አራዊት ይተርኩላታል። በእሳቸው ተረት ውስጥ ከሁሉም የሚበልጡት አያ አንበሳ ናቸው። አያ አንበሳ ዳኛ ናቸው። አያ አንበሳ ጋቢ ለብሰው በዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ጦጣና ቀበሮ እየተካሰሱ ይመጣሉ፤ እሳቸው ግራ ቀኙን ሰምተው ይፈርዳሉ። ስንዱ ፍርዱን ሳትሰማ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። ስለዚህ አያ አንበሳ ሁልጊዜ ከተረቱ እየወጡ ወደ ሕልሟ ይገቡና ፍርዱን እዚያ ይጨርሱታል።

ሰኔ ገባ። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል መምህርቷ ፀዳለ ሕፃናቱን ሰብስባ «ነገ የአራዊት ግቢ እንሄዳለን» አለቻቸው። «እውነተኛ አንበሳ አለ።»

ስንዱ እቤት ስትደርስ ጫማዋን ሳታወልቅ ለአያቷ ነገረቻቸው።

በማግስቱ ማለዳ ሰፈሩን ጭጋግ ውጦት ነበር። አባባ ተሰማ የልጅቷን እጅ ይዘው ወደ አውቶቡሱ ወሰዷት። አቶ ዘውገ በራቸውን ሲጠርጉ አገኟቸው። አባባ ተሰማ ፊታቸውን ወደ ማዶ አዞሩ። ማዶው ጭጋግ ብቻ ነው፤ ቢሆንም እሱን እያዩ አለፉ። ስንዱም አያቷ ወዳዩበት አየች።

አውቶቡሱ አጠገብ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው የሹራቧን ቁልፍ ቆለፉላት።

«እንግዲህ አያ አንበሳን ልታያቸው ነው» አሏት።

«አዎ አባባ።»

«ተሰማ እንደምን ሰነበቱ ብለዋል በያቸው። መልሳቸውንም ይዘሽልኝ ነይ። አደራ።»

ሽማግሌው ቀልዳቸውን ነው። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። አደራ ማለት ምን እንደሆነ ራሳቸው ናቸው ያስተማሯት። ከአፍ የወጣ ሰላምታ እንደ እንቁላል ነው፤ እስኪደርስ ድረስ ይዘውት ይሄዳሉ። ስንዱ አውቶቡሱ ላይ ወጥታ በመስኮት በኩል ተቀመጠች፤ ምሳ ዕቃዋን ጭኗ ላይ፣ ሰላምታውን አፏ ውስጥ ይዛ።

አጠገቧ የተቀመጠው ዳግም የሚባል ልጅ ነው። ዳግም የማያውቀው ነገር የለም።

«ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«መልእክት ይዣለሁ።»

«ለማን?»

«ለአንበሳው።»

ዳግም ወደ ኋላ ዞረና ለመላው አውቶቡስ አወራ። አውቶቡሱም ሳቀ።

የአራዊቱ ግቢም በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። ልጆቹ አንዱ የሌላውን ሹራብ ከኋላ ይዞ እንደ ባቡር ተቀጣጥለው ገቡ። ጭጋጉ ቀስ እያለ ይከፈታል፤ አንድ ነገር ያሳያቸውና መልሶ ይዘጋል። መጀመሪያ አንድ ድንጋይ አዩ፤ ድንጋዩ ራሱን ብቅ አደረገና ዔሊ ሆነ። ቀጥሎ ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ነጫጭ ጋቢዎች አዩ፤ ጋቢዎቹ ተንቀሳቀሱና ጉሬዛዎች ሆኑ። አንዲት ሰጎን ከጭጋጉ በላይ አንገቷን ብቻ አውጥታ፣ እግር እንደሌላት ሁሉ እየተንሳፈፈች አለፈች።

ስንዱ ለሁሉም ሰላምታ ሰጠች። ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው።

«እንደምን አደራችሁ» አለቻቸው ጉሬዛዎቹን።

ሽማግሌ የመሰለው ጉሬዛ ራሱን ነቀነቀ። ዔሊዋ አንገቷን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ መልሳ አወጣች፤ ይህም የሷ እጅ መንሣት ነው። ሰጎኗ ዓይኗን አርገበገበች። ሁሉም እንደ አቅሙ መለሰ። ስንዱ ደስ አላት። ሁሉ ነገር ተረቱ እንደሚለው ነው፤ ተረቱም ሕልሟ እንደሚለው ነው።

ከዚያ አንበሳው ጋ ደረሱ።

አንበሳው አርጅቷል። ጎፈሩ የተበላ ቁርበት ይመስላል። ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ተኝቷል። ጋቢም የለው፤ ዛፍም የለው። ስንዱ ግን አወቀቻቸው። ጀርባቸውን አይታ አወቀቻቸው።

ወደ ብረቱ ቀረብ ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«አያ አንበሳ፣ እንደምን አደሩ። አባባ ተሰማ እንደምን ሰነበቱ ብለዋል።»

አንበሳው ዝም አለ።

«አንበሳን አንቱ ትላለች» አለ ዳግም። «በእንግሊዝኛ ብትዪው ይሻልሻል፤ ሳይገባው አይቀርም።» ልጆቹ ሳቁ።

ስንዱ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። አንበሳው ጅራቱን እንኳ አላነቃነቀም።

ሌሎቹ ልጆች ተሰለቹ። የመጡት የሚያገሳ አንበሳ ሊያዩ ነው። «አንበሳ፣ ተነሳ፣ አንበሳ፣ ተነሳ» እያሉ ማጨብጨብ ጀመሩ። አንበሳው አልተነሳም። ያን ጊዜ ዳግም ጠጠር አነሣና ወረወረ። ጠጠሯ የአንበሳውን ወገብ መትታ ወደቀች። ስንዱ ጠጠሯ የወደቀችበትን አየች፤ እዚያ ሌሎች ጠጠሮችም ነበሩ። ብዙ ናቸው። ከዳግም በፊት ብዙ ዳግሞች መጥተው ሄደዋል።

«ማን ነው የወረወረው?»

ጠባቂው ናቸው። ካፖርታቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚደርስ፣ ፂማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ዳግም ከመምህርቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀ።

«ልጆች ናቸው አባቴ፤ ይቅርታ ያድርጉልን» አለች መምህርት ፀዳለ።

«ልጅማ ልጅ ነው። ግን እቤታቸው የተኛን ሽማግሌ በጠጠር ነው የሚቀሰቅሱት?»

መምህርቷ አፈረች። ልጆቹን ሰብስባ ከዚያ አራቀቻቸው፤ ሣሩ ላይ ላስቲክ አንጥፋ ምሳቸውን አስከፈተቻቸው።

ስንዱ ምሳ ዕቃዋን አልከፈተችም። ጭንቅ ይዟታል። አሁን ምን ይዛ ልትመለስ ነው? ዝም አሉኝ ብትል አያቷ የሚሉትን ታውቃለች። ሰላምታዬን ረገጠ ይላሉ። ከዚያ ከአያ አንበሳም ጋር ይኳረፋሉ። አያ አንበሳ ከተኳረፉ ደግሞ ማን ሊፈርድ ነው? ተረቱም ይቀራል። ማታ ማታ የሚኖረው የአባባ ዘውገ ሬዲዮ ብቻ ነው። ኮኩ ሄዷል፤ አሁን ደግሞ አያ አንበሳ ሊሄዱ ነው።

መልስ ብዋሽስ ብላ አሰበች። ግን አደራ ውሸት አይችልም።

ከዚያ ስለ ጠጠሮቹ አሰበች። አያ አንበሳስ ቢያኮርፉ ይፈረድባቸዋል? ስንቱ ወረወረባቸው። ማንም ደግሞ ይቅርታ አልጠየቃቸውም። ይቅርታ ሳይጠየቅ ማን ለሰላምታ ይመልሳል?

ስንዱ ተነሳች። ከመንገዱ ዳር የትንሽ ዳቦ ያህል ድንጋይ አገኘች። አነሣችና ማጅራቷ ላይ አደረገችው። በሁለት እጇ ደግፋ፣ አጎንብሳ፣ እግር እግሯን እያየች ወደ አንበሳው ሄደች።

ጠባቂው ከሩቅ አዩ። ያዩት ድንጋይ ይዛ ወደ አንበሳው የምትሄድ ልጅ ነው።

«ደግሞ ሌላዋ» አሉና ካፖርታቸውን ሰብስበው መጡ። «አንቺ ልጅ፣ ድንጋዩን ጣይው።»

«አይጣልም» አለች ስንዱ ቀና ሳትል።

«ለምን አይጣልም?»

«ገና ይቅር አላሉም።»

ጠባቂው ቆሙ። ድንጋዩ ያለበትን ቦታ አሁን ገና አስተዋሉ። እጇ ላይ አይደለም፤ ማጅራቷ ላይ ነው።

«ማን ነው ይቅር የሚለው?»

«አያ አንበሳ ናቸው።»

«አንቺ ነሽ እንዴ የወረወርሽው?»

«አይደለሁም። ዳግም ነው።»

«ታዲያ ዳግም የት አለ?»

«ምሳውን እየበላ ነው።»

ጠባቂው ሳቃቸው መጣና መልሰው ዋጡት። ይህ የሚሳቅበት ነገር አይደለም። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ፊት ኮፍያ አይደረግም፤ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እሺ እናቴ። እንግዲህ ይኸው አሉልሽ፤ ይቅርታሽን ጠይቂ።»

«ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ይቅርታ እኮ ፊት ለፊት ነው።»

ይህ እውነት ነው። ጠባቂው አሰቡ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አድርገው፣ በግንቡ ጫፍ አዙረው በሠራተኞች መተላለፊያ በኩል ወሰዷት። እዚያ በኩል ጠንካራ ፍርግርግ ያለው ትልቅ መስኮት አለ፤ ከፊቱም አጥር አለው። ጎብኚ በዚያ አይሄድም። መምህርት ፀዳለ ልጇ እንደጠፋባት ሴት እየሮጠች ደረሰች፤ ጠባቂው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም አሰኟት።

ስንዱ ከመስኮቱ ፊት አጎነበሰች። ድንጋዩ ከብዷታል። ዓይኗን ብቻ ከፍ አድርጋ አየች።

አንበሳው አልተኛም ነበር። ዓይኑ ተከፍቷል፤ ግንቡን ያያል። ዓይኑ የማር ቀለም አለው። ጭጋጉ እዚህም ገብቶ በአፍንጫው ዙሪያ ይዞራል።

ልጅቷ ድምጿን አላነሣችም። አያቷ ዘንድ ሰው ሲታረቅ ማንም ድምፁን አያነሣም።

«አያ አንበሳ፣ ስለ ጠጠሩ ይቅር ይበሉን። አባባ ተሰማ ደግሞ እንደምን ሰነበቱ ብለዋል።»

የአንበሳው አንድ ጆሮ ተንቀሳቀሰ። ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ራሱን አነሣ። ስንዱን አያት። ሁለቱም ለመተያየት አልቸኮሉም። ከዚያ ከሆዱ ውስጥ አንድ ረጅም ትንፋሽ ወጣ፤ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚመጣ ያለ ድምፅ ነበረው። ድምፁ በመሬቱ ውስጥ አልፎ በስንዱ ጫማ በኩል ወደ ጉልበቷ ወጣ። ትንፋሹም ጭጋጉን ገፍቶ ፊቷን አሞቃት።

«ሰማ» አሉ ጠባቂው። «በዚህ በኩል ነው የሚሰማው። ያኛው ጆሮው ከሞተ ቆየ። እኔ በዚህ በኩል ነው ሁሌ የማዋራው፤ ሰዉ ግን ከወዲያ ቆሞ ይጮኻል።»

«አላኮረፉም?»

«ምን ያኮርፋል። እሱ አልሰማሽም እንጂ።»

ስንዱ ይህን ነገር ደጋግማ አሰበችው። አልተቀየሙም። ሰላምታዋን አልረገጡባትም። አልሰሙም።

«ታዲያ ለምን አልሰማሁም አይሉም?»

«ማ፣ አንበሳው?» ጠባቂው ኮፍያቸውን በእጃቸው አዞሩ። «ተይው እሱን። ሰውም ቢሆን ጆሮዬ ሄደ ለማለት ያፍራል።»

«እና ይቅር ብለዋል?»

«ሳይጣላ ምን ይቅር ይላል? ይልቅ ድንጋዩን አውርጂው፤ አንገትሽ ተሰበረ።»

ስንዱ ድንጋዩን አወረደች። ግን አልጣለችውም። ማንንም ያላስታረቀ ድንጋይ ሥራውን አልጨረሰም። ምሳ ዕቃዋ ያለበት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ልጆች ተራ በተራ በዚያ በኩል መጡ። ማንም አላጨበጨበም። ዳግም መጨረሻ ላይ መጣ፤ መሬት መሬት እያየ «እንደምን ዋሉ» አለ። አንቱ ብሎ ነው ያለው። ማንም አልሳቀበትም።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ልጆቹ ሁሉ ተኙ። ስንዱም ተኛች። በሕልሟ አያ አንበሳ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራ ይዘው በሰፈራቸው መንገድ ላይ ሲሄዱ አየች። በየቤቱ በር ይቆማሉ። ከመናገራቸው በፊት ግን ሰውየውን ቀስ ብለው ይዞሩታል፤ የሚሰማበትን ጆሮ ይፈልጋሉ። ሲያገኙት ያን ጊዜ «እንደምን አደርክ» ይላሉ። የሁሉም ቤት በር ይከፈታል።

አውቶቡሱ ሲቆም ነቃች። አባባ ተሰማ ከዘራቸውን ተደግፈው ይጠብቋት ነበር። ቦርሳዋን ተቀበሏት።

«ምን ከተሽበት ነው እንዲህ የከበደው?»

«ድንጋይ ነው።»

«እንዴት ያለ ድንጋይ?»

«የይቅርታ።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። የልጅ ነገር ነው ብለው አለፉት። እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ቤት ሄዱ። ጭጋጉ ጠፍቷል፤ ፀሐይዋ ወደ መጥለቂያዋ አዘንብላለች። ከሩቅ የአቶ ዘውገ ሬዲዮ እንደ ልማዱ ይጮኻል።

«እህ፣ አያ አንበሳስ ምን አሉኝ?»

«በትንፋሻቸው እግዚአብሔር ይመስገን ብለዋል።»

«ተመስገን። ወዲያው መለሱልሽ?»

«ወዲያው አልመለሱም። መጀመሪያ ዝም አሉኝ። ሁለቴ ነገርኳቸው፣ ዝም አሉ። ሰላምታችንን ረገጡብን ብዬ ነበር። ግን አልረገጡም አባባ። አንድ ጆሯቸው ሞቷል። በማይሰሙበት በኩል ቆሜ ነው። በሚሰሙበት በኩል ስመጣ ወዲያው መለሱልኝ።»

አባባ ተሰማ ቆሙ።

የቆሙት በአቶ ዘውገ በር ላይ ነው። ሬዲዮው ከውስጥ ይጮኻል። የላላው አጥር አሁንም ያን ቀን እንደታሰረ አለ። ሽማግሌው አጥሩን አዩት። ያን ማለዳ ዘውገ የቆመው እዚህ ጋ ነበር፤ ቀኝ ጎኑን ለመንገዱ ሰጥቶ። እሳቸው ያለፉት በቀኙ በኩል ነው። ሬዲዮው ደግሞ መጮኽ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው።

«ሊያበሽቀኝ አይደለም» አሉ ለራሳቸው።

«ማን ነው አባባ?»

እጃቸውን አጥሩ ላይ አሳረፉ። ለጎረቤታቸው የነፈጉትን ሰላምታ ዛሬ ጠዋት ለአውሬ እንደላኩት አሁን ትዝ አላቸው። አንዲት ሕፃን መልሱን ለማግኘት አንበሳ ዞራ መጣች። እሳቸው ግን አንድ ሰው መዞር አቅቷቸው ክረምትና በጋ አሳለፉ።

ቦርሳውን ከፈቱ። ድንጋዩን አወጡ። ከዘራቸውን ለልጅቷ ሰጧትና ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አደረጉት። ለስንት ሰው ማጅራት ሲያዙት ኖረዋል፤ በራሳቸው ማጅራት ላይ ግን የመጀመሪያው ነው። ይከብዳል። ያን ያህል እንደሚከብድ አያውቁም ነበር።

«አንኳኪ» አሏት።

ስንዱ በከዘራው ዘንግ በሩን ደበደበችው፤ ሬዲዮው እስኪቆም ድረስ። አቶ ዘውገ ከፈቱ። መጀመሪያ ልጅቷን አዩ፤ ከዚያ ያጎነበሱትን ሽማግሌ አዩ፤ ከዚያ ድንጋዩን አዩ።

«ምን ሆነህ ነው ተሰማ?» አሉ። ድምፃቸው ሰው በሌለበት ሜዳ የሚናገር ሰው ድምፅ ነው፤ በጣም ይጮኻል።

አባባ ተሰማ አንድ ነገር ተናገሩ።

«እ?» አሉ አቶ ዘውገ። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ለጠፉ፤ ከዚያ እንደሚያፍር ልጅ መሬት መሬት አዩ። «ያኛው በኩል አይረባኝም። ከዚያ ክረምት ወዲህ ነው። ለሰው መናገር አሳፈረኝ።»

ስንዱ የአያቷን ጋቢ ጎተተች። «በዚያ በኩል ይዙሩ አባባ።»

አባባ ተሰማ ዞሩ። ድንጋዩን እንደተሸከሙ፣ በሚሰማው ጆሮ በኩል ቆሙ። ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል፤ እሳቸው ግን ያን ማለዳ ያልደረሰውን ሰላምታ ነው የተናገሩት።

«እንደምን አደርክ ዘውገ?»

አቶ ዘውገ ሰማዩን አላዩም። ምሽት ነው አላሉም።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንደምን አደርክ ተሰማ?»

«ስለ እግዚአብሔር ብለው ይማሯቸው» አለች ስንዱ። አስታራቂ ሌላ ማንም አልነበረም።

«ይቅር ለእግዚአብሔር። እኔስ ብሆን ማን ጻድቅ አደረገኝ? ሰላምታውን ሲተወኝ ምን አጠፋሁ ብዬ መጠየቅ አቃተኝ።» አቶ ዘውገ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱት። ከዚያ ልጅቷን አዩ። «አንቺስ ኮኩን ለምንድን ነው እየመለስሽ የምትልኪልኝ? ዘንድሮ አልጣፈጠም ብዬ ዛፉን ልቆርጠው ነበር እኮ።»

ስንዱ አያቷን አየች። አያቷ ጋቢያቸውን ያስተካክሉ ጀመር።

በዚያ ምሽት ስንዱ ኮክ በላች። ተረት ግን አልተተረተላትም፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ብዙ የሚያወሩት ነበራቸው። አንደኛው በሌላኛው ግራ ጎን ተቀምጦ ነበር። ሬዲዮው ዝም ብሏል። ልጅቷ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ ድምፃቸውን ሰማች። እንደ አያ አንበሳ ትንፋሽ ከመሬት ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር።

ወዳጄ፣ ነገሩ ይህ ነው። ዝም ያለን ሁሉ የናቀን አይደለም። ለሰላምታችን መልስ ስናጣ ጠብ ብለን ስም እናወጣለን፤ ጠቡንም ራሳችን ወልደን ራሳችን እናሳድገዋለን። ያ ሰው ግን ምናልባት አልሰማንም። ሐዘን ይዞት ይሆናል፤ ሐሳብ ይዞት ይሆናል፤ ጆሮው ሄዶ መናገር አፍሮ ይሆናል። ድንጋይ ወርውረን ከምንቀሰቅሰው፣ ድንጋዩን ተሸክመን አንድ ጊዜ ብንዞረው ይሻላል።

አንተስ? መልስ ያጣህበት አንድ ሰላምታ ካለ፣ ስትናገር በየትኛው ጆሮ በኩል ነበር የቆምከው?